የአሥራ ስምንት ደቂቃ ውሃ

ኢንስፔክተር እታፈራሁ ከወልድያ ተጠርታ መርሳ ስትደርስ አስከሬኑ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ግንቦት ተጋምሷልና ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ግን እምቢ ብሏል። የተሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ድምፅ የሚያሰማ ግን አንድም የለም። በዚህ አገር ሰው ሲሞት እንዲህ ዝም አይባልም፤ ዝምታው ራሱ ነገር እንዳለው ያስታውቃል።

ነጠላውን ገለጥ አደረገችው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ፀጉሩ ውስጥ ደለል ገብቷል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ መዳፎቹ የብረት ዝገት ይዘዋል። ለመትረፍ የታገለ ሰው ነው። እታፈራሁ በፖሊስነት ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ከሰው ይልቅ ከግድግዳና ከወለል ጋር መነጋገር ይቀናታል። የወጣት አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልለመደችም።

«ማን ነው?»

«ያሬድ ይባላል» አለ የመርሳው ኮንስታብል ዓሪፍ። «ወልድያ ካለ የጥናት ድርጅት ነው የመጣው። ግድቡንና ቦዩን በኮምፒውተር ያጠኑ ነበር።»

ዓሪፍ ቦዩን አሳያት። ከተራራው ሥር ካለው ትንሽ ግድብ የሚነሳው ቦይ ሁለት ኪሎ ሜትር ወርዶ እዚህ አስፋልቱ ሥር ይገባል። መሿለኪያው ሠላሳ እርምጃ ይረዝማል፤ ሰው ቀጥ ብሎ ይሄድበታል። መውጫው ላይ ቆሻሻ እንዳያልፍ የብረት ፍርግርግ ተተክሏል። ያሬድ የተገኘው ፍርግርጉን እንደጨበጠ ነው።

«ምን ሊሠራ ገባ?»

«የውሃ ከፍታ መለኪያ ሊተክል።»

«ውሃ ባለበት?»

«ውሃ አልነበረም፣ ኢንስፔክተር። ዓርብ ነው።»

ለመርሳ ሰው ይህ በቂ መልስ ነው፤ ለእሷ ግን ዓሪፍ አብራራላት። የዚህ ቦይ ተጠቃሚዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የተስማሙበት ሥርዓት አለ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት እስኪያልቅ፣ እሑድ ቅዳሴ እስኪወጣ የግድቡ በር ይዘጋል። ማንም በሌለበት ማንም ውሃ እንዳይወስድ ነው። የውሃ አባት የሚባሉት አዛውንት አብዱልሐሊም በሩን ቆልፈው ቁልፉን ከመስጊዱ በር አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ ጫማውን የሚያወልቅ ሁሉ ያየዋል። ቦይ መጥረግና መጠገን የሚፈልግም ያን ሰዓት ይጠብቃል።

«ዛሬስ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነበር?»

«ነበር። እኔም አይቼዋለሁ። ከሶላት ስንወጣ ግን ቦዩ ውስጥ ውሃ አየን። ከጋሽ አብዱልሐሊም ጋር ወደ ግድቡ ሮጥን። መቆለፊያው በቁልፍ ተከፍቷል፤ አልተሰበረም። የበሩ ዘንግ ላይ አራት ቀይ ምልክቶች አሉ፤ በሩ አንደኛው ምልክት ላይ ነበር። ሩብ ማለት ነው።»

«ሌላ ቁልፍ አለ?»

«አንዱ የግድቡ ኃላፊ ኢንጂነር ንጉሴ ጋ ነው። አንዱ ደግሞ ለጥናት ቡድኑ ተሰጥቷል፤ ለያሬድና ለአለቃው ለዮናስ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዮናስ ራሱ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ላዩ ላይ አንድ ጎባጣ መስመር አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከግድቡ በር የተለቀቀ ውሃ በየደቂቃው የት እንደሚደርስ ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። ይህ በሩ ሩብ ሲከፈት ነው። ውሃው መሿለኪያው ጋ በሃምሳ ደቂቃ ይደርሳል።»

«ያሬድ ከእጮኛው ጋር በስልክ ሲያወራ መስመሩ የተቋረጠው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።»

«እንግዲያው በሩ የተከፈተው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።» ዮናስ አቀረቀረ። «መናገሩ ይከብደኛል። ሽማግሌውን አከብራቸው ነበር።»

«አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«እዚሁ መርሳ፣ ሆቴል፤ ከኢንጂነር ንጉሴ ጋር ምሳ ስንበላ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ ተነስቼ በሞተሬ ወደ ወልድያ ሄድኩ።»

«የቡድናችሁ ቁልፍስ?»

«ያሬድ ጋ ነበር። ውሃው ወስዶት ይሆናል።»

እታፈራሁ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኢንጂነር ንጉሴ ምንም አልደበቀም፤ ቁጣውንም ጭምር። የግድቡ ግንብ በቅርቡ ከፍ ተደርጓል፤ በዚህ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አፉ ይሞላል።

«ልጁ አሰልቺ ነበር» አለ። «‹ሰኞ የምነግራችሁ ነገር አለ፣ እስከዚያ ምንም እንዳትወስኑ› ይለኛል። ምንድን ነው ስለው ‹መጀመሪያ ራሱ ዮናስ ይናገር› ይላል።»

«ዓርብ የት ነበሩ?»

«ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ከሆቴሉ ወንበር አልተነሳሁም። አሥራ ሁለት ሰው አይቶኛል። ቁልፌም አዲስ አበባ ካለው ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ደውለው ያጣሩ።»

ተጣራ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ።

የቀሩት አብዱልሐሊም ናቸው። የወረዳው ፖሊስ ወረቀቱን እንዳየ ሽማግሌውን አስሯል፤ ማክሰኞ ወደ ወልድያ ሊያዛውራቸው ነው። ልጃቸው ናጅዋ ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ» አለች፣ «ትናንት ሰላም ሲሉን የነበሩ ሰዎች ዛሬ ፊታቸውን ያዞሩብናል። አባቴ ሌላው ቢቀር ሶላት ትተው ሰው ይገድላሉ? ወልድያ ከወሰዷቸው እኮ በሕይወት አይመለሱም፤ ልባቸው ደካማ ነው።»

እታፈራሁ ምሳውን ተቀበለቻት። የማትፈጽመውን ተስፋ ለሰው መስጠት አትወድም። ገብታ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«በሩን መቼ ዘጉት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ከዚያ ግድቡ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ለሶላት ዉዱዬን አድርጌ ትንሽ ዐረፍ አልኩ። መስጊድ ስገባ ኢማሙ ለስብከቱ ሚንበር ላይ ሊወጡ ነበር።»

ለሰባት አሥር ጉዳይ መሆኑን ዓሪፍ መስክሯል።

«ስድስት ተኩል ላይ ታዲያ ሾላው ሥር ነበሩ። ማን አየዎት?»

«አላህ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ ልጄ።»

«‹መለኪያው ሥራዬን ሊወስድ ነው› ብለው ከያሬድ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ተቆጥቼዋለሁ፤ አልዋሽም። በማግስቱ መጣና ‹አባቴ፣ ማሽኑ ይቁጠር እንጂ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ነበር።» ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሐሙስ መጥቶ ‹ነገ ጁምዓ ሰዓት መሿለኪያው ውስጥ ነኝ፣ አይርሱኝ› አለኝ። ‹ከመስጊድ እስክንወጣ ጠብታ አይወርድም› ብዬ ቃሌን ሰጠሁት። እስሩ አይደለም የሚያሳዝነኝ፤ እሱ ነው።»

እሑድ እታፈራሁ ቦቲ ጫማ አድርጋ ዓሪፍን አስከትላ መሿለኪያው ውስጥ ገባች። ቦዩ ደርቋል። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የረጋ ጭቃ ይሸታል። ከላያቸው መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ያጉረመርማል። ዓሪፍ ቶሎ ለመውጣት ፈልጎ መግቢያውን መግቢያውን ያያል። እሷ ባትሪዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ትራመዳለች።

«ይህ ነጭ ቀለም ምንድን ነው?»

«ያሬድ ነው የቀባው። የከፍታ ምልክት ነው። ዓርብ ወደ መስጊድ ስሄድ ሲቀባ አይቼዋለሁ።»

ቀለሙ እንደ ማስመሪያ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ወጥቷል። ሳይደርቅ ውሃ አግኝቶታልና ጭቃው ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እታፈራሁ ተጠግታ ቆመች። ጉልበቷ ላይ ወፍራም የጭቃ መስመር አለ። ከዚያ በላይ ባትሪዋን ከፍ ስታደርግ ትከሻዋ ላይ ሌላ መስመር አየች፤ ይህኛው እንደ ክር የቀጠነ ነው።

«ዓሪፍ፣ ዓርብ ውሃው ስንት ጊዜ መጣ?»

«አንዴ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ቦታ ምልክት ተወ?»

ዓሪፍ ተጠግቶ ሁለቱን መስመሮች አየ። እሷ እጇን ቀጭኑ መስመር ላይ አደረገች። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ያየው ይህን ነው፤ ጉልበት ላይ የደረሰ ውሃማ ያራምዳል።

ከሰዓት በኋላ የያሬድ እጮኛ ሊዲያ ላፕቶፕ ይዛ ከወልድያ መጣች። እዚያው ድርጅት ውስጥ የስሌት ባለሙያ ናት። ጥቁር ለብሳለች፤ ሌሊቱን አላንቀላፋችም።

«የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» አለች እታፈራሁ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መጠየቅ ስላለብኝ ነው።»

«‹ውሃ መጣ› አለ። ደነገጥኩ። ‹ለዮኒ ደውዪለት፣ ቁልፍ አለው፣ ወጥቶ ይዝጋልኝ› አለኝ። ከዚያ ተቋረጠ። ለዮናስ አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ሞተር ላይ ስለነበር አልሰማም ብዬ አስቤ ነበር።»

እታፈራሁ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት።

«ዮናስ ይህን አመጣልኝ።»

«ይህን ብቻ?» አለች ሊዲያ። «እነዚህ መስመሮች እኮ ተለያይተው አይወጡም። ፓራሜትሪክ ስዊፕ እንለዋለን። የማናውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ በሩ ስንት እንደሚከፈት፣ ከሩብ እስከ ሙሉ እየቀየርን እናስገባለን። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ አከፋፈት ውሃውን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ያስኬደዋል። አራት አከፋፈት ካለ አራት ሙሉ ታሪክ ይኖረናል።»

«ልክ የአራት ሰው የውሃ ተራ ለየብቻው እንደመጻፍ።»

«እንደዚያ ነው።»

ላፕቶፑን ከፈተችው። አራት መስመሮች በአራት ቀለም ታዩ። ሁለቱ ሴቶች እየተነጋገሩ ቁጥሮቹን አዩ። እታፈራሁ ትከሻዋንና ጉልበቷን በሜትር አስለክታ ነግራታለች፤ ሊዲያ ከመስመሮቹ ጋር አስተያየችው፤ ደግማም አስተያየችው።

«ስሌቱ ረቡዕ በዮናስ ስም ተሠርቷል፤ አራቱም» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ያሬድ ሰኞ እናገራለሁ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ የግድቡን ፋይል ከፈተች። ብዙ ሳትቆይ እጇ የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ቀረ። «እትዬ፣ ይህን ሪፖርት የፈረመ ሰው እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደው?»

እታፈራሁ ዓሪፍን ጠራችው። «ከመርሳ ወደ ወልድያ መውጫ ያለው ኬላ ሞተሮችን ይመዘግባል። ሂድና የዓርቡን መዝገብ እይልኝ።»

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በውሃ ተጠቃሚዎች አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሰማዩ ከዓርቡም ይልቅ ወርዷል፤ በመስኮቱ ግድቡ ያለበት ሸለቆ እንደ ድስት ውስጥ ጨልሞ ይታያል። አብዱልሐሊም በሁለት ፖሊስ መካከል ተቀምጠዋል። ናጅዋ ከኋላቸው ናት። ንጉሴ ሰዓቱን ያያል። ዮናስ ከሊዲያ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያደርግ ሲል ወንበሯን ሳበች። የአብዱልሐሊም ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አላስቸግራችሁም» አለች እታፈራሁ። «በሩ ሩብ ከተከፈተ ውሃው በሃምሳ ደቂቃ ይደርሳል። ወረቀቱ አይዋሽም። ጋሽ አብዱልሐሊም የታሰሩት በዚህ ነው። እኔ ግን የጠየቅሁት ሌላ ነው፤ ውሃው ሲመጣ በሩ ሩብ ነበር ወይ?»

«ሩብ ላይ ነው የተገኘው እኮ» አለ ዮናስ።

«የተገኘው ሩብ ላይ ነው። ያሬድ ዓርብ የቀባው እርጥብ ቀለም ላይ ግን ሁለት መስመር አለ። ጉልበት ላይ ያለው ወፍራም ነው፤ ውሃው እዚያ ከፍታ ላይ ብዙ ቆይቷል። ትከሻ ላይ ያለው ቀጭን ነው፤ ውሃው እዚያ ደርሶ ቶሎ ወርዷል። ሩብ የተከፈተ በር ትከሻ ድረስ አያደርስም። ሊዲያ?»

ሊዲያ ቀና አለች። «ሩብ ጉልበት፣ ግማሽ ጭን፣ ሦስት ሩብ ወገብ ላይ ያደርሳል። ትከሻ ጋ የሚያደርሰው ሙሉው ብቻ ነው። ሙሉው ሲከፈት ደግሞ ውሃው በአሥራ ስምንት ደቂቃ ይደርሳል።»

«በሩ የተከፈተው ስድስት ተኩል ላይ አይደለም ማለት ነው» አለች እታፈራሁ። «ሰባት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደ ሩብ ዝቅ ተደረገ። ሰባት ሰዓት ከሁለት ላይ ጋሽ አብዱልሐሊም የት ነበሩ?»

«ከጎኔ» አለ ዓሪፍ ቶሎ ብሎ። «የኢማሙን ኹጥባ እየሰማን። ጉልበታችን ተነካክቶ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። ናጅዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኢንጂነሩ ሆቴል ነበሩ። ዮናስ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ ሆቴሉን ለቋል። ገዳዩ ስድስት ተኩል ላይ ከፈተ ስላልን፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ ማንም አልጠየቀውም። የፈለገውም ይህንን ነበር። ከሆቴሉ እስከ ኬላው አምስት ደቂቃ ነው፤ ኬላው ላይ የተመዘገበው ግን ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የት ነበርክ፣ ዮናስ?»

«ጎማ… ጎማ ተንፍሶብኝ።»

«ቁልፉስ? ያሬድ ጋ ነበር ብለኸኛል። ያሬድ ግን ውሃ እየገባበት ‹ለዮኒ ደውዪለት፣ ቁልፍ አለው› ነው ያለው። እየሞተ ያለ ሰው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያለ እንዲህ አይልም።»

ንጉሴ ወደ ዮናስ ዞረ። «ለምን? ምን አድርጎህ?»

«በግድቡ ምክንያት» አለች ሊዲያ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያም ይበልጥ ያስፈራ ነበር። «በግድቡ ስሌት አምስት ዓይነት ጎርፍ ገብቷል። እያንዳንዱ ለአንድ ሙሉ ቀን ተሰልቷል። ሪፖርቱ ላይ ያለው ግን የየጎርፉ የመጨረሻ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። በመጨረሻው ሰዓት ውሃው ወርዷል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። በትልቁ ጎርፍ አምስተኛው ሰዓት ላይ ግን ውሃው በግንቡ ላይ ያልፋል። ከታች ያሉትን ቤቶች ያውቋቸዋል፣ ኢንጂነር።»

ንጉሴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያሬድ አየው» አለች እታፈራሁ። «እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠህ፤ ራስህ እንድትናገር። እንደ ወንድም ስለሚያይህ ነው። አንተ ደግሞ ከአራቱ መስመር ለአንተ የሚመቸውን መረጥክ። ሩብ የተከፈተ በር ስንት ደቂቃ እንደሚያስቆጥር ከአንተና ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ግድቡ ላይ አንዱን ሰዓት ብቻ አሳየህ፤ ለእኔም አንዱን መስመር ብቻ አመጣህ።»

«መጀመሪያ ስህተት ነበር» አለ ዮናስ በመጨረሻ። እጆቹን እያየ ነው። «አላየሁትም ነበር፤ በእናቴ። ከፈረምኩ በኋላ አየሁት። ከዚያ በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ይከብደኛል። ስሜ…»

«አምስት ጊዜ ደወልኩልህ» አለች ሊዲያ። «ስልክህን እያየኸው ነበር?»

ዮናስ ቀና ብሎ አላያትም። ዓሪፍ ካቴናውን ከአብዱልሐሊም እጅ ፈትቶ ወደ እሱ ሄደ።

ሰው ሁሉ ሲነሳ ሽማግሌው አልተነሱም። ናጅዋ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። እታፈራሁ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠቻቸው። አልተቀበሏትም።

«አልይዘውም፣ ልጄ። ጠብታ አይወርድም ብዬው ነበር። በቃሌ ነው የገባው።»

ሊዲያ ቁልፉን ከእታፈራሁ እጅ ወሰደች። ከሽማግሌው ፊት ተንበርክካ መዳፋቸውን ዘረጋችው።

«እርስዎ ቃልዎን ጠብቀዋል» አለች። «አሁን ዝናቡ ሳይቀድመን ግድቡ መጉደል አለበት። በየሰዓቱ ስንት እንደሚለቀቅ እኔ አሰላለሁ። ማሽኑ ይቁጠር እንጂ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ያንን ቃል ከማን እንደሰሙት እሷ አታውቅም። ፊቷን አዩት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ፤ ጣታቸውም ቁልፉ ላይ ተዘጋ።

ቀትር ሳይደርስ ግድቡ ላይ ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራው ላይ መውደቅ ጀምረዋል። አብዱልሐሊም መቆለፊያውን ከፍተው መዘውሩን በሁለት እጃቸው ያዙና ቆም አሉ።

«ዓሪፍ» አሉ፣ «ቶሎ ወደ ታች ውረድ። መሿለኪያው ውስጥ ገብተህ ሰው እንደሌለ በዓይንህ እይና ደውልልኝ።»

ዓሪፍ ሮጠ። ሌሎቹ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ስልኩን ጠበቁ።